ሦስተኛው መብረቅ

«ዞሪ! ዞሪ አልኩሽ! እንዳታዪው!»

አማቴ አባባ ሜልቾር ካባቸውን ከትከሻቸው ገፈው ጭንቅላቴ ላይ ይጥሉብኛል። ጆሮዬ ይጮኻል፤ የተቃጠለ ጠጉር ይሸተኛል። ባሌ ናሳሪዮ የተራራው መተላለፊያ ጫፍ ላይ መንገደኛ ሁሉ ድንጋይ ከሚጨምርበት ክምር አጠገብ ወድቋል። የራሱን ድንጋይ አስቀምጦ ሦስት የኮካ ቅጠል ለተራራው መባ እፍ ሊል ነበር ቀድሞን የወጣው። ያየሁት ነጭ ብርሃን ብቻ ነው፤ ከዚያ ካባው።

እኛ ዘንድ ሕጉን የማያውቅ የለም። ተራራችን አባት አውሳንጋቴ አገልጋይ ሲፈልግ በመብረቅ ይጠራል። የመጀመሪያው መብረቅ ሰውየውን ይገድለዋል፣ ሁለተኛው ይገጣጥመዋል፣ ሦስተኛው ያስነሣዋል። ሦስቱ ሳይሞሉ የሰው ዓይን ካረፈበት ግን በዚያው ይቀራል። አባባ ሜልቾር ራሳቸው በጎልማሳነታቸው እንዲያ ተነሥተዋል። ታናሽ ወንድማቸው ግን እናታቸው አላስችላት ብሎ ሮጣ ስላየችው አልተነሣም።

ችግሩ እኔ ሌላም ነገር አውቃለሁ። አምና ጤና ኬላው ሦስት ቀን ሲያሠለጥነን ነርሷ እንዲህ ብላናለች፦ መብረቅ የመታው ሰው ልቡ ቀጥ ብትልም፣ ቶሎ ደረቱን የሚጫነውና ትንፋሽ የሚሰጠው ካገኘ ሊመለስ ይችላል። ካላገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በድንች ጆንያ ላይ ነበር የተለማመድነው። ጆንያውን አፉን ስንስመው ሁላችንም በሣቅ ፈርሰን ነበር።

«አባባ፣ ይተነፍሳል?»

«እኔ ምን አውቄ? ዞሬ አይደል የቆምኩት!»

«ሄጄ ደረቱን ልጫነው።»

«አብደሻል እንዴ? በገዛ ዓይንሽ ልትገድዪው? ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ተቀመጪ ብያለሁ!»

እቀመጣለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ብሄድ እገድለዋለሁ፣ ብቀመጥ ይሞታል። ነርሷን አምናታለሁ፤ ተራራውን ደግሞ ከነርሷ በፊት ነው ያመንኩት። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል።

ሁለተኛው ከበላያችን ይሰነጠቃል። መሬቱ ከሥሬ ይዘላል፤ የጭነት እንስሶቻችን ላማዎቹ ጭነታቸውን እያንኳኩ ቁልቁል ሲፈረጥጡ ይሰማኛል።

«ሁለት!» ይላሉ አባባ ሜልቾር። «እየገጣጠመው ነው። አንድ ቀረ። ቻይው ልጄ፣ አንድ ብቻ!»

አንዱ መቼ እንደሚመጣ ግን አይናገሩም።

«አባባ፣ የተከለከለው ማየት ነው አይደል?»

«እና?»

«መንካትስ?»

 በረዶው ባርኔጣቸው ላይ ይንጣጣል።

«መንካትን... ማንም ነግሮኝ አያውቅም» ይላሉ በመጨረሻ።

መቀነቴን ፈትቼ እሰጣቸዋለሁ። ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ዓይኔን ያስሩኛል። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ያመልጣቸዋል።

«ጠበቀብሽ?»

«ከዚህም ያጥብቁት።»

ዳገቱን እየዳህኩ እወጣለሁ። በረዶው መዳፌን ይወጋኛል። መጀመሪያ የማገኘው ከእግሩ የወለቀውን የጎማ ጫማውን ነው፤ ጎማው እስከ አሁን ይሞቃል። ከዚያ እግሩን፣ ጉልበቱን፣ ሆዱን። ደረቱ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ምንም የለም።

«ይሰማሻል?» ይጮኻሉ አባባ ከታች።

 እጄን በእጄ ላይ ደርቤ እጫናለሁ። የድንች ጆንያ እንዲህ አልነበረም፤ የባሌ የጎድን አጥንት ከመዳፌ ሥር ሲንቋቋ ይሰማኛል። አፉን በጣቴ ፈልጌ እተነፍስበታለሁ። ጧት አብረን ያኘክነው ኮካ ይሸታል። እጫናለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ በመሃል ተራራውን እሰድባለሁ።

«አንተ ሽማግሌ! በየዓመቱ አብልተን አጠጥተንህ፣ ከዚህ ሁሉ መንደር የታየህ የእኔ ባል ነው? ሌላ አጣህ?»

ወዲያው እደነግጥና ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ክንዴ ዝሏል። ላቆም ነው፣ አሁን ላቆም ነው ስል ደረቱ በራሱ ይነሣል።

ያስለዋል። በጎኑ ተገልብጦ ያስታውካል። ጀርባውን እይዝለታለሁ።

«ሂላሪያ» ይላል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ የእሱ ነው፣ የእሱም አይደለም። «ምን ሆኜ ነው? ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው ያሰርሽው?»

«ዝም በል። ተኛ።»

«እይኝ እንጂ።»

ጣቶቹ ፊቴን እየዳበሱ ወደ ቋጠሮው ይሄዳሉ። እጁን አፈፍ አድርጌ እይዛለሁ።

«ገና ነው!» አባባ ሜልቾር እያለቀሱ ነው የሚጮኹት፤ እሳቸውም አልዞሩም። «ሦስተኛው አልወረደም! እንዳትፈቺው!»

እንጠብቃለን። ናሳሪዮ አጠገቤ ይተነፍሳል፤ እያንዳንዱን ትንፋሽ የመጨረሻው እንዳይሆን እያልኩ አዳምጣለሁ። የበረዶው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። ነፋሱ ይወድቃል። ከሩቅ እንኳ የሚያጉረመርም ደመና የለም።

እኔ ነጎድጓድ ስሰማ እናቴ ቀሚስ ሥር የምወሸቅ ልጅ ነበርኩ፤ ካገባሁ በኋላም ብርድ ልብስ ውስጥ እየተደበቅኩ ናሳሪዮ ሲሥቅብኝ ኖሯል። አሁን እጁን በሁለት እጄ ጨምቄ፣ እባክህ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ጩህልኝ እያልኩ ተራራውን እለምናለሁ።

ማጅራቴ ላይ የፀሐይ ሙቀት ያርፋል፤ ደመናው ሄዷል፣ ሦስተኛው ግን አልወረደም።