የጓድ ነገሪ ማሞቂያ

ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች የሰፈራ መንደር፣ የአስተባባሪው የጓድ ነገሪ ቤት ማሞቂያ ነበረው። ፕላኑ የመጣው በረዶ ከሚጥልበት አገር ነው። በዚያ ሐሩር ማሞቂያ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም፤ በ1978 ዓ.ም. ፕላን አይጠየቅም። ደግነቱ ጓድ ነገሪን ወባ ያዛቸው። ሲያንቀጠቅጣቸው የማድ ቤቱ ቦይለር ይነድዳል፤ ፓምፑም ሙቅ ውሃውን በቧንቧ ወደ መኝታ ቤታቸው ይገፋል።

ያኔ ቧንቧው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል።

ገላው ተጠራ። ወሎ ሳለ የቧንቧ ሠራተኛ የነበረ ሰፋሪ ነው።

«ዝም ካሰኘኸው የአንድ ወር ይለፍ እሰጥሃለሁ፤ የታመመች እናትህን ጠይቀህ ትመለሳለህ» አሉት ጓድ ነገሪ። «እስካሁን ይለፍ የሰጠኋቸው ወንዶች እንደወጡ ቀርተዋል። አንተ እንዳታሳፍረኝ!»

ገላው ቼክ ቫልቩን ፈታ። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ክዳን ደህና ነው። ጥፋቱ ቫልቩ ለዚያ ቀጭን ውሃ ሰፊ መሆኑ ነው፤ ክዳኑ በቅጡ ስለማይከፈት ይንቀጫቀጫል። ይባስ ብሎ ፓምፑ አፍ ላይ ተተክሏል። ገላው ጠበብ ያለ ባለሞላ ቫልቭ ከመጋዘን አወጣና ከፓምፑ አርቆ፣ ቀጥ ያለው ቧንቧ ላይ ገጠመው። ፓምፑ ተነሣ። ጸጥ!

ወዲያው ሮጦ ጓድ ነገሪ ስለ ይለፉ ያሉትን ሁሉ ለሚስቱ ለማናለብሽ ነገራት። የጓድ ነገሪ ወጥ ቤት ስለሆነች የቦይለሩንም እሳት የምታነድደው እሷ ናት። «እሰይ!» አለችና ስንቁን ልታዘጋጅ ተነሣች።

በማግስቱ ቧንቧው አንኳኳ።

ገላው ፈታው፤ ምንም የለበትም። ገጠመው፤ ዝም አለ። እሱ ሲሄድ እንደገና አንኳኳ።

«ይሄ አሻጥር ነው!» አሉ ጓድ ነገሪ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ። ያን ቃል ሰምቶ የማይደነግጥ አልነበረም።

ዓይን ሁሉ ብኸይታ ላይ ዐረፈ። የአገሩ ሰው የሆነው ይህ ዘበኛ አጥር ሲጠግን ስለሚውል መዶሻ ከእጁ አይለይም። ቅዳሜ ቅዳሜ የማናለብሽን ዘንቢል ተሸክሞላት ገበያ ሲወርዱ ደግሞ ቧንቧው ያርፋል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«ወላሂ፣ እኔ አይነካም!» አለ ብኸይታ።

«ተዉት፣ ምስኪን ነው» አለች ማናለብሽ። የሰማት ግን የለም፤ ብኸይታ ወደ መጋዘን ጥበቃ ተዛወረ።

ቧንቧው ባሰበት።

ገላው እናቱ ሳያያት ልትሞትበት መሆኑን አስቦ አለቀሰ። ማናለብሽ እንባውን ጠረገችለት፤ እሷም አብራው አለቀሰች። በማግስቱ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ጓድ ነገሪ ፊት ቆመች።

«ይሄ ድምፅ ጨረሰኝ፣ ጓድ። ራሴን እየፈለጠኝ ነው።»

ጓድ ነገሪ ራስ ምታት ምን እንደሆነ ያውቃሉና አዘኑላት። ይለፉን ከመሳቢያ አውጥተው ስሟን ከገላው ስም ሥር ጻፉ።

«እሱም እናቱን ይይ፣ አንቺም እዚያው ታከሚ። ቧንቧውን ሌላ ባለሙያ አስመጥቼ አሳየዋለሁ።»

የሚሳፈሩበት መኪና የመጣው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። በነዚያ ስድስት ቀናት ማናለብሽ ቦይለሩን ጠዋት ማታ አነደደች፤ ቧንቧው ግን ትንፍሽ አላለም።