የአቪቻይ ስም የሌለበት ጥናት

ጥናቱ የወጣው አቪቻይ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። እህቱ ሊአት በስልኳ አገኘችው። ርዕሱ አልገባትም፤ ስሞቹን ግን አነበበች። ሦስት ናቸው። የኤያል መጀመሪያ ላይ አለ፤ የአቪቻይ የለም።

ኤያልና አቪቻይ ሀደራ ከተማ፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር አንድ ሕንጻ ውስጥ አብረው አድገው፣ ሃይፋ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ለዶክትሬት አብረው ይሠሩ ነበር።

የሚሠሩት ከጥፍር በምታንስ ቺፕ ላይ ነው። በውስጧ ብርሃን የሚሄድባቸው ከፀጉር የቀጠኑ መንገዶች አሉ። አራት ፎቶኖች፣ አራት የብርሃን ቅንጣቶች፣ በአራት በኩል ይገባሉ። በምንም ሳይለያዩ በአንድ ቅጽበት ከተገናኙ ኳንተም ኢንተርፈረንስ የሚሉት ነገር ይከሰታል፤ ለየብቻ መሄዳቸው ይቀርና ተጣምረው ይወጣሉ። አቪቻይ አምስት ዓመት የደከመው ይህን ለማየት ነው። ሕመሙ ሲጠናበት እንኳ ላፕቶፑን ከሆስፒታል አልጋው አልለየውም።

ሊሞት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እናቱን ጥሩአለምን ጠራት።

«ኢማ፣ ተገናኙ» አላት። «አራቱም።»

ጥሩአለም ምን ከምን እንደተገናኘ አልገባትም። ልጇ ሲስቅ ግን አየች። ለቅሶ የመጣውን ሁሉ «ልጄ ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደ» እያለች ተቀበለች።

እሑድ ጠዋት ኤያል ወላጆቹን ጠይቆ ወደ ሃይፋ ሲመለስ፣ ጥሩአለም የጥናቱን ነገር ከሊአት ሰምታ ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ጠበቀችው።

«የልጄ ስም የት አለ?»

ኤያል ቀና ብሎ አላያትም። «ስሊኻ፣ እማማ ጥሩአለም። ይቅር ይበሉኝ።»

«ከቤቴ በልተህ አድገህ! እሱ ያገኘውን እኔ አገኘሁ አልክ?»

«እኔ አገኘሁ አላልኩም።»

«ታዲያ ስሙን ረስተኸው ነው?»

«አልረሳሁም።»

«አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው።»

ወታደሮችና ተማሪዎች ዞር ብለው ያያሉ።

«ሐሙስ ተዝካሩ ነው» አለችው። «ደጄን እንዳትረግጥ። ከዛሬ ጀምሮ ከእናትህም ጋር ሰላምታ የለኝም።»

«እሺ» አለ።

ባቡሩ ደረሰ። ኤያል መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ጥሩአለም ውጭ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከተተና አቪቻይ ከሆስፒታል የላከለትን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ከፈተ።

«ኤያል፣ ቺፗ አልሠራችም፤ አራቱ አንድም ቀን አልተገናኙም። ለኢማ ግን ተገናኙ ብያታለሁ። አለመሥራቷን ስትጽፍ ስሜን እንዳታስገባ፤ እሷ እንዳትሰማብኝ።»