ማንንም የማይጥል ትምህርት ቤት

ለአዲስ ወላጆች በአስተርጓሚነት የምትሠራው ዕድላዊት የመኪናውን መስታወት በጣቷ አንኳኳች። ውስጥ ያለው ሰውዬ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ሚስቱ ከትምህርት ቤቱ መስኮት ደጋግማ ወደዚህ ባታይ ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

መስታወቱን በግማሽ አወረደው።

«ጤና ይስጥልኝ። የአቢጊያ አባት ነዎት አይደል? ጉብኝቱ ሊጀመር ነው።»

«አማርኛ ትችያለሽ? ተመስገን!» አለ ንጋቱ። «በቃ፣ አባቷ ሥራ ገብቷል በያቸው።»

«ሥራ የገባ ሰው ፓርኪንግ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«እህቴ፣ አንዴ ተቃጥያለሁ። አምና አዲስ አበባ፣ ዲቪው ከመድረሱ በፊት፣ አንድ ስሙ የተጠራ ትምህርት ቤት ላስገባት ወሰድኳት። እሷን ፈተኗት፤ አለፈች። ቀጥሎ ወላጅ ይግባ አሉ። በእንግሊዝኛ ያጣድፉኝ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ። ልጄ በእኔ ወደቀች።» ደረቱን በጣቱ መታ። «አሁን ደግሞ አላበላሽባትም። እናቷ ትንሽ ትንሽ ትሞክራለች። ልጅቷም ሰሞኑን ስታጠና ነው የከረመችው።»

«እዚህ ፈተና የለም እኮ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሠፈሩ ውስጥ መኖራችሁን፣ ዕድሜዋንና መከተቧን ካሳያችኋቸው፣ ገባች ማለት ነው።»

«ማንንም አይጥሉም?»

«ማንንም።»

«ሰነፉንም?»

«ሰነፉንም።»

ንጋቱ ዞር ብሎ የሸክላውን ሕንፃ አየው። «ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ትምህርት ቤት?»

ዕድላዊት ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበራት። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፣ የኔም ልጅ ሁለተኛ ክፍል እዚሁ ነው፣ ብላ ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ኮምፒውተሮቹ ትቀጥላለች። አሁን አፏን ስትከፍት ቃላቱ የማስታወቂያ ሆኑባት። የልጇ ትምህርት ቤት ያገኘውን ነጥብ ሀብታሞቹ ከሚኖሩበት ከፎልስ ቸርች ትምህርት ቤቶች ጋር ስልኳ ላይ ስታስተያይ የምትውል እሷው ናት። የዚያን ሠፈር የኪራይ ቤት ዋጋ ሳይቀር አይታለች።

«እኔም አንዳንዴ እጠራጠራለሁ» አለችው። «ገብተው ይጠይቋቸው። ዛሬ ጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ስለ መልሱ እነሱ ይጨነቁ።»

«እኔ? እነሱን?»

«በአማርኛ። እኔ የመጣሁት ለዚሁ ነው።»

ንጋቱ ከመኪናው ወረደ። ኮቱን አራገፈ፣ የቆለፈውን በር እንደገና ሳብ አድርጎ አየው፣ ተከተላት።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል በር ላይ ሚስቱ ሜሮን ስታየው ዓይኗ ፈጠጠ። «መጣህ? ሥራ ገብቷል ብያቸው ነበር እኮ!» አለች በሹክሹክታ። አቢጊያ ነጭ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች።

ርእሰ መምህርቷ ሚስ ኦርቴጋ በስኒከር የምትራመድ ወፍራም ሴት ናት። የንጋቱን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠችና የሆነ ነገር ተናገረች።

«ምን ማወቅ ይፈልጋሉ? ነው የምትለው» አለች ዕድላዊት።

ንጋቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ዕድላዊት ስለ ሒሳብ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ይጠይቃል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ልጁን አየ።

«ልጄ ዓይን አፋር ናት። እንግሊዝኛውም ገና ነው። ሽንቷ ቢይዛት ምን ብላ ትነግራችኋለች?»

«ንጋቱ!» ሜሮን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ከሁሉ ነገር ይሄን?»

ዕድላዊት ተረጎመች። ሚስ ኦርቴጋ አልሳቀችም። ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች፤ ሌባ ጣቷንና መሐል ጣቷን አቆላለፈች።

«ሁሉም ልጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብላ ዕድላዊት አስተላለፈች። «እንግሊዝኛ የሚችለውም ጭምር። አስተማሪዋ ካየች በቃ፤ መናገር አያስፈልግም።»

ምንጣፉ ላይ አስተማሪዋ ለልጆቹ ተረት ታነባለች። ብዙም ሳይቆይ ሹሩባ የተሠራች አንዲት ልጅ የተቆላለፉ ጣቶቿን አነሣች። አስተማሪዋ ንባቧን ሳታቋርጥ በአገጯ ወደ በሩ አመለከተቻት። ልጅቷ በአጠገባቸው ሮጣ አለፈች።

አቢጊያ ቀሚሱን ለቀቀች። ጣቶቿን ለማቆላለፍ ሞከረች፤ ተንሸራተቱባት። በሌላ እጇ አስተካክላ ያዘቻቸውና ወደ ላይ አነሣች። ሚስ ኦርቴጋ የደነገጠች መስላ ዓይኗን በልጥጣ «ቶሎ! ቶሎ!» በሚል ምልክት በእጇ በሩን አሳየቻት። አቢጊያ አፏን ይዛ ሳቀች።

ዕድላዊት ይህን ክፍል ስንቴ አስጎብኝታለች። ስለ ጣቶቹ ለማንም ነግራ አታውቅም። የጠየቃትም አልነበረም።

ንጋቱ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ብትወድቅ ማን ያነሣታል? የምሳ ዕቃዋ ክዳን ባይከፈትላት? አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ቢወስዳትስ? ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄዱ ዕድላዊት እየተረጎመች ጉሮሮዋ ደረቀ። ሚስ ኦርቴጋ ለእያንዳንዱ ቆማ መለሰች፤ አንዱን አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርዎት አለች። ንጋቱ ይሄኛውን መልስ ከሁሉ የወደደው መሰለ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ነሐሴ ስንት ነው የሚጀምሩት?» አላት ሜሮንን፣ ነገሩ ካለቀ የቆየ ይመስል።

ጥያቄው ለጥቂት ጊዜ ጋብ አለ። ሚስ ኦርቴጋ ስለ ምዝገባው ለሜሮን ቀስ እያለች ማስረዳት ቀጠለች። ዕድላዊት አንዱን ዓረፍተ ነገር ልትተረጉም ስትል የርእሰ መምህርቷ ዓይን ከትከሻዋ በላይ አልፎ ሄደ። ዞር አለች።

ንጋቱ ከሁሉም ኋላ ቆሟል። ሱፉን እንደለበሰ ቀኝ እጁን እስከ ጆሮው አንሥቶ ሁለት ጣቶቹን አቆላልፏል።

ሚስ ኦርቴጋ ንግግሯን ሳታቋርጥ በአገጯ በስተግራ ያለውን በር አመለከተችው። ንጋቱ ፈጠን ብሎ ሄደ።