ያልደረቀ ቀለም

«አባዬ፣ እንዳትነካው፤ ቀለሙ አልደረቀም» ትላለች ልጁ።

ጎረቤቴ ጣቱን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። መነጽሩን አውቶቡስ ውስጥ ራሱ ተቀምጦበት ሰብሮ፣ ድንበር ተሻግረን እዚህ እስክንደርስ ድረስ በእኔ ሲያላክክ ነው የመጣው።

ልጁ የምታስተምርበት የዩኒቨርሲቲው ጂኦግራፊ ክፍል ይህ ነው። ግድግዳው ካርታ በካርታ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከራሰ ወረቀትና ከሙጫ የተሠራ የኛ ሸለቆ ተዘርግቷል። ተማሪዎቿ በየዓመቱ አንድ አካባቢ እንዲህ አሳንሰው ይሠራሉ። ዘንድሮ ተራው የኛ ነው።

«ይቺ ጉብ ያለችው ያንቺ ቤት መሆን አለባት» ይለኛል። «ከነጠማማነቷ።»

«ያንተ አጥር ተደግፏት ነው የጠመመችው።»

ድሮ በኛ ንትርክ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ልጅ ዛሬ ጥርሷም አልታየም።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድነው?» ይላታል። «ሰማዩንም አውርዳችሁ ሸለቆ ውስጥ አስተኛችሁት?»

እኔም ልስቅ ስል በወንዙ ታችኛው ጫፍ፣ ሁለቱን ተራራ ያያያዘች የካርቶን ግድግዳ አያለሁ። ሳቄ አፌ ላይ ይቀራል።

«ውሃ ነው፣ አባዬ» ትላለች ቀስ ብላ። «ግድቡ ሲያልቅ እስከዚህ ይሞላል። የግድቡን ካርታ የሠራነው እኛው ነን። በስልክ መንገር አቃተኝ። እኔ ጋ ትኖራለህ፤ ክፍልህን አዘጋጅቻለሁ። እትዬም ብትሆን...» ብላ ወደ እኔ ትዞራለች።

«ና፣ አገር እይ፤ እትዬንም ይዘሃት ና» ያለችው ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔ ሞኟ ደግሞ ለሽርሽር ብዬ አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ።

ጎረቤቴ ስለ ክፍሉ አይጠይቅም።

«እናትሽስ?» ይላታል።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆማለች።

እሱ ጣቱን ከወፍጮ ቤቱ ይጀምርና ቀለሙን ሳይነካ ይጓዛል፤ ድልድዩን ያልፋል፣ ዳገቷን ይወጣል። በየእሁዱ የሚሄድባት መንገድ ናት፤ መነጽር አትፈልግም። ሚስቱ የተቀበረችበት ጥግ ሲደርስ ቆሞ ጣቱን ያሳርፋል። ጎኑ ሆኜ ትንፋሹን እሰማለሁ። ተረብ ፈልጌ አፌ ውስጥ አጣለሁ።

ጣቱን ሲያነሳ ጫፉ ሰማያዊ ነው። ልጁ መሐረብ ትዘረጋለታለች፤ አይቀበላትም።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከውሃው መካከል፣ ጣቱ ባረፈበት፣ ጥፍር የምታክል ነጭ ወረቀት ብቅ ብላለች።