ጥናትሽን ሙርሺድ ያነብልሻል

«ወላሂ ዶክተርዬ፣ ሰርገኞቹ ክፍሎቹን ነገ አራት ሰዓት ሳይሆን አይለቁም። ማል ጎና? ጎትቼ ላውጣቸው?» ትለኛለች ማሂራ፣ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ።

ምን እንደምናደርግ እኔም አላውቅም። ዝርዝሬን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ቆሜያለሁ፤ እግሬ አብጧል። የአፈር ተመራማሪዎች ማኅበራችን የቀጣና ስብሰባውን ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ጅማ፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይከፍታል። ሠላሳ አንድ እንግዳ ይመጣል። ዛሬ የሚገቡት አሥራ ዘጠኙ አልጋ አላቸው። ነገ በጠዋቱ አውሮፕላን የሚመጡት አሥራ ሁለቱ ግን ሰርገኞቹ እስኪወጡ ድረስ ሻንጣቸውን ታቅፈው በረንዳ ላይ ሊቀመጡ ነው።

«ዶክተር ፋሂምን ከማን ጋር አደረግሽው?» ትለኛለች።

«ከዮኤል ጋር። ፋሂም ለሱብሂ ሶላት ይነሳል፣ ዮኤልም የቤተ ክርስቲያን ኪዳን አያመልጠውም። ቀድሞ የነቃ ሌላውን ይቀስቅሰው።»

ማሂራ ትስቃለች። እኔ መሳቅም አቅቶኛል። አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይሄው ነው። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ደረጃ መውጣት እንደማይችል፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አፈርም አውቃለሁ፤ ስለ እሱ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ዘንድሮ የራሴ ጥናት ተቀባይነት አግኝቷል። ነገ የመጀመሪያዋ አቅራቢ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ከጅማ ወጣ ብሎ ያለውን የደዶን ዳገት ወጥቼ ወርጄ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ አፈሩን በፌስታል እየቋጠርኩ ከሰው ጋር ተጋፍቼ በሚኒባስ ያመጣሁት ነው። ሁለት ጊዜ ተመልሶብኝ በሦስተኛው ነው «ይቅረብ» የተባለው።

ዶክተር ከተማ ዣንጥላቸውን እያራገፉ ይገባሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ድሮም አስተማሪዬ ነበሩ።

«ጽዮኔ፣ እንዴት ሆነልን?»

የሰርገኞቹን ጉዳይ እነግራቸዋለሁ። ሶፋው ላይ ዘፍ ይላሉ። እሳቸውም ደክሟቸዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት አንቺ እዚሁ ብትሆኚ ነው የሚሻለው» ይላሉ። «እንግዳ የሚቀበለው አጥቶ በረንዳ ላይ ሲንከራተት ስማችን ይጠፋል። አንቺ ደግሞ ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ።»

«ጥናቴስ?»

«ሙርሺድ ያነብልሻል። ጎበዝ አንባቢ ነው። ስምሽ እንደሆነ ይጠራል፤ አታስቢ።»

የማኅበራችን አባል ሙርሺድ ደዶን ረግጦ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ቢነሳ ምን ብሎ ሊመልስ ነው? ይሄን ልናገር አፌን ስከፍት «እሺ» የሚል ቃል ይወጣል። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ሺሁን ግን እስካሁን አላየሁትም።

«ተባረኪ» ይሉኛል። ፊቴን ወደ ዝርዝሩ አዞራለሁ፤ እንባዬን እንዲያዩብኝ አልፈልግም። ንዴት ይሁን ድካም እኔም አልለየሁትም።

ስልኬ ይጠራል።

«ልጄ፣ ከሊል ነኝ። ሴኮሩን አለፍን። ሲመሽ እንደርሳለን፣ ኢንሻአላህ።»

ፕሮፌሰር ከሊል የክብር እንግዳችን ናቸው። በየዓመቱ አልጋቸውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ «ከማኅበሩ ነው» ብዬ ስለምደውል ስሜን አያውቁም። በአካልም ያዩኝ ቁልፍ ሳቀብላቸው ብቻ ነው።

«ምድር ቤት ይዤልዎታለሁ፣ ፕሮፌሰር።»

«አላህ ያክብርሽ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ደግሞ። ነገ የደዶን አፈር ያጠናች ልጅ ታቀርባለች። ጽሑፏን ልከውልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘንድሮ እንኳ ወገቤን አሞኝ ልቀር ነበር፤ የመጣሁት እሷን ለመስማት ነው። ጆሮዬ ደክሟልና ፊት ወንበር ያዢልኝ። ስትጨርስም ሳትሄድብኝ አገናኚኝ፤ ብዙ የምጠይቃት አለኝ።»

ባንኮኒውን በአንድ እጄ እይዛለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞራለሁ።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ እኮ ነኝ!»

መስመሩ ተቋርጧል። በዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ መች አለና። ስልኩን ሳወርድ ዶክተር ከተማ አፍጥጠው ያዩኛል።

«እኔ ነኝ የምትዪው ምኑን ነው?»

«ነገ የማቀርበው እኔ ነኝ።» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ይጮሃል። ማሂራ ከኮምፒውተሯ ቀና ትላለች።

«ቅድም እሺ አላልሽኝም እንዴ?»

«ብያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፤ ደክሞኝ ነው እሺ ያልኩት።»

«እና አሥራ ሁለቱን ሰው ማን ሊቀበል ነው?»

«ሙርሺድ። ጎበዝ አንባቢ ነው ብለውኛል አይደል? ዝርዝሩን ያንብበው።»

ማሂራ ሳቋን በመዳፏ ታፍናለች። ዶክተር ከተማ አይስቁም፤ አይቆጡምም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። «ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የምትይዢው?» ይላሉ ቀስ ብለው።

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ ሳመራ ከኋላዬ ይጠሩኛል።

«ጽዮኔ፣ ወዴት ነሽ? እንግዶቹ ሊገቡ እኮ ነው።»

«ቤቴ» እላቸዋለሁ ሳልዞር። «ለሠላሳ አንድ ሰው አልጋ ሳከፋፍል የራሴን ስላይድ አልሠራሁም።»

ዝናቡ አላባራም። እጄን ዘርግቼ ባጃጅ አስቆማለሁ።