የኪራይ ቼሎ

ቼሎውን፣ ያን በደጋን የሚጫወቱትን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ያከራያት ሰውዬ፣ "የጀማሪ እጅ ሲነካው ለቅሶ ነው የሚመስለው፤ ለጎረቤት ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ" ብሎ መክሯት ነበር። እሷ ግን በዚህ ዕድሜዋ ሙዚቃ ጀመረች እንዳይሏት አፍራ ለማንም አልነገረችም።

እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። የቼሎውን ትልቅ ጥቁር ሳጥን ስታይ፣ "ለእኔ ነው እንዴ?" ብላ ቀለደች። ቀጥላም፣ "በይ በሩን ክፍት ተዪውና ሳሎን ሆነሽ ተጫወቺ። እየሰማሁሽ ልተኛ" አለቻት።

ደጋኑን ወፍራሙ ክር ላይ ሳበችው። ከሆድ የሚወጣ ረጅም ማቃሰት ቤቱን ሞላው። ደስ አላትና ደጋግማ ሳበችው።

ብዙም ሳትቆይ ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ የእናቷን ስም እየጠሩና ደረታቸውን እየደቁ ሳሎኑን ሞሉት።

"ኧረ ደህና ናት! እኔ ነኝ! ይሄ ነው የሚጮኸው!" ብላ ደጋኑን አሳየቻቸው።

እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። ነጠላቸውንም አቀኑ።

"በቁሟ አለቀስንላት፤ ዕድሜዋ ይረዝማል" አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች።

"ቆይ፣ ገብቼ እሷንም ላስቃት" ብለው እትዬ ደብሪቱ ወደ መኝታ ቤት አለፉ።

ሳሎን ውስጥ ሳቁ አልበረደም። "እስቲ ድገሚልን!" አሏት። ደጋኑን አንስታ ቀና ስትል፣ እትዬ ደብሪቱ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን ቀስ ብለው መልሰው ሲዘቀዝቁ አየቻቸው።