የጌታ ጎረቤት ጸሎት

«እህት ሎሳሊን፣ ወደ ፊት ነይ…»

መጋቢ ሴሚሲ ይህን ሲሉ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ዞሮ አያት።

እሷ ግን ከመቀመጫዋ መነሣት አቃታት።

ቀኑ እሑድ ነው። በደቡብ ፓስፊክ ባለችው ቶንጋ፣ ፎአ በምትባል ደሴት ላይ፣ የዓመቱ የጸሎት ሳምንት የሚዘጋበት እሑድ። ሎሳሊን የመንደሩ አስተማሪ ናት። ያን ቀን ደግሞ እጅ ተጭኖባት የመንደሩ የጸሎት መሪ ልትሆን ነው።

ማንም አልተቃወመም። ማን ይቃወማል? እሷ ስትጸልይ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሳይቀሩ ያለቅሳሉ። ከጎረቤት መንደር በእግራቸው መጥተው የሚሰሟት አሉ። ሽማግሌዎቹም «መማር እንዲህ ነው» እያሉ ይኮሩባታል።

አንድ ነገር ግን አያውቁም…

ከእነዚያ ጸሎቶች አንዱም የእሷ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ከዋና ከተማው ተመርቃ በመጣች በሳምንቷ፣ መጋቢው በድንገት «አስተማሪያችን ትጸልይልን» አሉ። ሎሳሊን ዓይን አፋር ናት። ያ ሁሉ ትምህርት አንድ ቃል እንኳ አላቀብላት አለ። በጭንቀት መሃል፣ ዓርብ ዕለት በመስኮቷ የሰማችው ጸሎት ትዝ አላት…

እሱኑ ደገመችው።

ሰው አለቀሰ።

ጸሎቱ የእማማ ፒሲላ ነበር። እማማ ፒሲላ ከአስተማሪዋ ቤት አጥር ማዶ ተቀምጠው፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ወገቡ ላይ የሚያስረውን ሰሌን ይሠራሉ። እየሠሩም ይጸልያሉ።

ታዲያ ለምን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይጸልዩም?

አንዴ ጸልየው ነበር። በዚያ አገር ለንጉሥ የሚነገርበት ቃል ሌላ ነው፣ ለተራ ሰው የሚነገርበት ሌላ። እግዚአብሔርን ደግሞ በንጉሥ ቃል ነው የሚያናግሩት። እማማ ፒሲላ ግን ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጡ ሴት ናቸው። ልክ ጎረቤት እንደሚጠራ፣ «ጌታዬ፣ እስቲ ጎራ በል፤ ቤቱ ባይጠረግም ግባ» ብለው ጸለዩ። ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «የጌታ ጎረቤት» ሆኖ ቀረ።

እሳቸውም ከኋላው ወንበር ላይ ሃያ ዓመት ዝም አሉ።

ሎሳሊን ዓርብ ዓርብ የተማሪ ደብተር የምታርም መስላ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና የሚሉትን ትጽፋለች። ቅዳሜ ወደ ንጉሥ ቃል ትለውጠዋለች። እሑድ ታቀርበዋለች።

ስፌቱ የእሷ ነው… ጨርቁ የእማማ ፒሲላ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እሷን ግን አደመቃት። በየዓመቱ እተዋለሁ ትላለች፤ በየዓመቱ ምስጋናው ይይዛታል። አሁን ግን እጅ ሊጫንባት ነው። ዝም ብትል ውሸቱ የዕድሜ ልክ ሊሆን ነው። ብትናገር ደግሞ፣ ነገ ልጆቹ ፊት እንዴት ትቆማለች? አትዋሹ እያለች የምታስተምረው እሷው ናት።

ተነሥታ ፊት ወጣች።

«መጋቢ፣ እጅዎን አይጫኑብኝ» አለች። ድምፅዋ ስላልተሰማ ደግማ ማለት ነበረባት።

ከዚያ ሁሉንም አወጣችው። መስኮቱን፣ ደብተሩን፣ አሥራ አንዱን ዓመት። የማን ጸሎት እንደሆነም ተናገረች።



ከዘማሪዎቹ መሃል አንድ ሰውዬ፣ «የጌታ ጎረቤት?» አለ። ሳቅ ሳቅ ያላቸው ነበሩ። ሎሳሊን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ልትለምን ወደ ኋላው ወንበር ቀና ስትል…

እማማ ፒሲላ ቆመዋል። የወገባቸውን ሰሌን እያስተካከሉ ነው።

«አውቃለሁ እኮ» አሉ።

ሳቁ ቆመ።

«ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ አውቃለሁ። የኔ ልጅ፣ እግዜር ጆሮው ይከብደዋል እንዴ? ዓርብ ዓርብ ያን ያህል የምጮኸው ለማን መስሎሽ ነው?»



እማማ ፒሲላ በዚህ አላቆሙም። ብዕሯ እንዲደርስባቸው ቀስ እያሉ ይጸልዩ እንደነበር ተናገሩ። አንድ ዓርብ ጉንፋን ድምፃቸውን ሲዘጋው ሰሌናቸውን ጎትተው አጥሩ ሥር ድረስ ተጠግተው ነበር። እሑድ ሲደርስ ደግሞ፣ የሳቁባቸው ሰዎች ለእሳቸው ጸሎት «አሜን» ሲሉ እየሰሙ፣ ከኋላ ሆነው አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር።

«ለውሸቱ ጌታን ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። «ከኔ ግን የሰረቅሽው የለም፤ የሰጠሁሽን ነው የወሰድሽው። ሕፃን እጁን ተይዞ ነው መሄድ የሚለምደው። አሁን አድገሻል… የራስሽን ጸልዪ።»

ሎሳሊን ዓይኗን ጨፈነች።

«ጌታ ሆይ… ሰው እንዲወደኝ ብዬ ዋሸሁ። አንተን ሳላናግርህ ስለ አንተ ሳወራ ኖርኩ። ዛሬ ገና ሰላም ልልህ ነው።»

ይኸው ነበር። ከዚያ በላይ አልመጣላትም። አሜን ማለቱንም ረሳችው።

ማንም አላለቀሰም።

እማማ ፒሲላ ግን ያንን ሁሉ ሰው ሰንጥቀው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። እጇን ያዙና ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ይቺ ልጅ የኔ ናት» አሉ።

መጋቢ ሴሚሲ ለመኗቸውና ያን ዕለት እጅ የተጫነው በእማማ ፒሲላ ላይ ሆነ። እሺ ያሉት አነጋገራቸውን እንደማይለውጡ አስቀድመው ተናግረው ነው።

ሰኞ ሎሳሊን ክፍል ስትገባ ልጆቹ ሁሉንም ሰምተዋል። አንዷ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ፈርተሽ ነበር?» አለች።

«በጣም» አለች ሎሳሊን።

ቀና ብላ ነው የመለሰችው። ከዚያ ማስተማሯን ቀጠለች።

ወዳጆቼ… በእምነት ማደግ አሳምሮ መናገር አይደለም። የሰው ቃል ለጊዜው ይደግፈናል። አንድ ቀን ግን፣ እየተንተባተብንም ቢሆን፣ ጌታን በራሳችን አፍ ማናገር አለብን። እዚያ የደረስነውም ብቻችንን አይደለም፤ እኛ እንድንሰማ ብሎ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ነበረ።

የእናንተስ ማን ነው? እናት? ጎረቤት? ስማቸውን ማንም ያልጠየቃቸው አንዲት እማማ?

እስቲ ዛሬ እዚህ ሥር በስማቸው ጥሯቸው።